የሚስተር ቤላ ቪዲዮዎችና የደበቅኋት አንድ ሰዓት

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዉ መጀመሪያው ላይ ይስቃል። እኔም አልከለክልም፤ የሚያስቅ ነገር አለው። ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ሰብለ እባላለሁ። ወደ ለንደን ከመምጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። የመጣሁት በኬር ቪዛ ነው። አንድ ኤጀንሲ ስፖንሰር አድርጎኝ የአረጋውያን ቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት እሰጣለሁ። ኤጀንሲው ካባረረኝ ሌላ ስፖንሰር ቶሎ መፈለግ አለብኝ፤ ካላገኘሁ አገሩን ለቅቆ መውጣት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሠራሁት ነገር ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም።

የምኖረው ኤድመንተን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሠራው ደግሞ ከተማውን አቋርጬ ስትሪትሃም፣ ሚስተር ቤላ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ቤት ነበር። ኤጀንሲው ስማቸውን ሲነግረኝ በሳቅ ፈነዳሁ። ቤላ ለእኔ አዲስ አበባ ያለ ሰፈር እንጂ የሰው ስም ሆኖ አያውቅም።

ትውልዳቸው ሃንጋሪ ነው። በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የማሽን ፋብሪካ የሥራ ዘመናቸውን ጨረሱ። ሚስታቸው ኢሎና ስትሞትና እሳቸውን የመርሳት በሽታ ሲጀምራቸው፣ ለንደን የምትሠራው አንድ ልጃቸው ጁዲ አመጣቻቸው። ጁዲ ቀን ቀን ቢሮ ናት። ቀኑ የእኔና የእሳቸው ነበር።

ቀናችንን የሚሞላው ደግሞ ቪዲዮ ነው። ሚስተር ቤላ በጉብዝናቸው ጊዜ ትልቅ ካሜራ ገዝተው እሑድ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ይቀርጹ ነበር። ደህና ቤተሰብ ልደትና ሰርግ ይቀርጻል። እነዚህ ግን ጤነኛም አይመስሉ። አንደኛው ላይ የሚስተር ቤላ እናት የሞተር ብስክሌት ቆብ አጥልቀው፣ በማማሰያ እንጨት አራት የቤት ጠራጊ ማሽኖችን እንደ ኦርኬስትራ ይመራሉ። ሌላው ላይ ለገና የተገዛ ትልቅ ዓሣ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል። አገራቸው ልማዱ ነው አሉ፤ ዓሣው እስኪታረድ ገንዳ ውስጥ ይቆያል። ሚስተር ቤላ የዋና መነጽር አድርገው ገንዳው ውስጥ ከዓሣው ጋር ተቀምጠው እንደ ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ ያደርጉለታል። «ለቤተሰብዎ የሚያስተላልፉት መልእክት አለ?» ይሉታል ማይክሮፎን አስጠግተው። ከዚያ በኋላ ዓሣውን የሚያርድ ሰው ከቤቱ ጠፋ፤ ሐይቅ ወስደው ለቀቁት።

የእሳቸው ተወዳጅ ግን ሌላ ነበር። በየዓመቱ ብርዱ ሲጀምር ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነከረቫቱ ይለብሳሉ፣ ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ቦርሳ ያንጠለጥላሉ። ከዚያ ጋዜጣ ገልጠው እያነበቡ፣ ቢሮ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ሐይቅ ውስጥ ይገባሉ። ውሃው ጉልበታቸውን፣ ወገባቸውን፣ ደረታቸውን ሲያልፍ እሳቸው ገጽ ይገልጣሉ። በመጨረሻ ኮፍያው ብቻ ውሃው ላይ ይቀራል። ካሜራውን የያዘችው ኢሎና ነበረችና ምስሉ በሳቋ ይንቀጠቀጣል። ቆይታ ግን ድምፅዋ ይለወጥና በሃንጋሪኛ ትጮኻለች፤ «ኤሌግ፣ ቤላ! ጄሬ ኪ!» በቃ ቤላ፣ ና ውጣ ማለት ነው። እሳቸው ብቅ ብለው «ዮ ቮልት?» ይላሉ፤ ጥሩ ነበር? ኢሎና «ዮ ቮልት» ካላለች ተመልሰው ይገባሉ። አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ገብተዋል።

ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ሃንጋሪኛ ሳልማር ኢሎናን ከነሳቋ በቃሌ ያዝኳት። ጁዲ ግን ቪዲዮዎቹ ሲከፈቱ ክፍሉን ለቅቃ ትወጣለች። አንድ ቀን፣ «የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይስቁብን ነበር። አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ ነው የሚያስቅሽ» አለችኝ።

ነገሩ የሆነው ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ነው።

ያን ጠዋት አንዲት ባልደረባዬ ስለታመመች ኤድመንተን ውስጥ የእሷን ሺፍት ሸፍኜ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የተነሣሁ ሰው ስትሪትሃም ስደርስ እግሬ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሚስተር ቤላን ሾርባቸውን አበላኋቸው፣ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አደረግኩ፣ ቪዲዮውን ከፈትኩ። በዚህ አገር ሰዓት አንድ ተኩል ነበር። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ትንሽ ላሳርፍ አልኩ።

ስነቃ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኗል። ወንበሩ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል።

«ሚስተር ቤላ?»

ሽንት ቤት የሉም። መኝታ ቤቱን በሩ ላይ ሆኜ ቃኘሁት፤ የሉም። ወደ ውጭ በር ስሮጥ በሩ ገርበብ ብሏል። የላይኛውን መቀርቀሪያ ሁልጊዜ መዝጋት አለብኝ፤ እሳቸው እጃቸው እንዳይደርስበት ነው የተሠራው። ያን ቀን አልዘጋሁትም። ባዶ እግሬን መንገድ ላይ ወጥቼ ግራ ቀኝ ሮጥኩ። የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ቆመዋል። ተመልሼ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ለጁዲ ደወልኩ።

«አባትሽ ወጥተዋል። በሩን ከፍተው ወጥተዋል።»

«መቼ?»

እዚህ ላይ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላሰብኩትም። አፌ ነው ያወጣው።

«አሁን፣ አሁን። አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

ጁዲ ፖሊስ ጠርታ እሷም በታክሲ መጣች። ሁለት ፖሊሶች ደረሱ፤ አንድ ወፍራም ወጣትና አንዲት ጠና ያለች ሴት። ሴትዮዋ ረጋ ያለች ናት። ስልኳ ላይ ካርታ ከፍታ ጠየቀችኝ።

«በምርኩዝ ነው የሚሄዱት?»

«አዎ።»

«ቀስ ብለው?»

«በጣም ቀስ ብለው።»

«ከመደወልሽ አምስት ደቂቃ በፊት ከወጡ፣ ከዚህ ርቀው አይሄዱም» አለችና በጣቷ ክብ ሠራች። ሦስት መንገድ ይሆናል። «ጋራዥ፣ ጓሮ፣ የቆሻሻ ገንዳ ኋላ፣ ሁሉም ቼክ ይደረግ። አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው የሚገኙት። ምን ለብሰዋል?»

«ሰማያዊ ሹራብ፣ የቤት ጫማ።»

ፍለጋው ተጀመረ። ጁዲ «ዳድ! ዳድ!» እያለች በየጓሮው አጥር ላይ ትንጠለጠላለች። ኅዳር ላይ እዚህ አገር በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ያቺን ክብ አያለሁ። ክቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፖሊሷ አይደለችም።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሃርልስደን ለምትኖረው ለእትዬ ሙሉ ደወልኩ። እትዬ ሙሉ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የቆየች፣ እንግሊዝ አገር ስገባ የተቀበለችኝ ሰው ናት።

«እትዬ፣ ተኝቼ ነበር። አንድ ሰዓት በላይ። አምስት ደቂቃ ነው ብያለሁ።»

እሷም በሹክሹክታ፣ «ማን ሰማሽ?»

«ማንም።»

«በይ አምስት ደቂቃ ካልሽ አምስት ደቂቃ ነው። ሰምተሽኛል? የሥራ ስልክሽ ላይ ሁለት ሰዓት ላይ ቼክ አድርጌያቸዋለሁ ብለሽ ሙዪ። ሰውዬውን ያገኟቸዋል፤ ሁልጊዜ ያገኟቸዋል። አንቺን ግን ኤጀንሲው ካባረረሽ ማን ያገኝሻል?»

«ባይገኙስ እትዬ?»

«ሰብልዬ፣ አንቺ ልጅ አለሽ» ብላ ዘጋች።

እውነት ነው፤ ልጄ እናቴ ጋ ነው ያለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ላመጣው ነበር። የሥራ ስልኬን አወጣሁ። ኤጀንሲው የሰጠን መመዝገቢያ ላይ «2:00፣ ቼክ ተደርጓል፣ ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ላክ የሚለውን ልነካ ስል ፖሊሷ በሩን አንኳኳች።

«ይቅርታ፣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ታገኚልኛለሽ?»

ፎቶው መኝታ ቤታቸው ነው ያለው። ገባሁ። ቅድም በሩ ላይ ሆኜ ያላየሁትን ያን ጊዜ አየሁ። ሰማያዊው ሹራብ አልጋው ላይ ታጥፏል። የቤት ጫማው ከሥሩ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ የለም። ኮፍያው የለም። ቦርሳው የለም።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

እኚህ ሰው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። ለብቻቸው ከረቫት አስረው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባቸው ነው። ያን ሁሉ ሲያደርጉ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ አንኮራፋለሁ። የት እንደሄዱም አወቅኩ። በጋ ላይ ዳክዬ ለመቀለብ የምንሄድበት የሜዳው ኩሬ አለ። በእሳቸው እርምጃ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ፖሊሷ ከሠራችው ክብ ውጭ ነው።

ታዲያ ወዲያው ተናገርኩ መሰላችሁ? አልተናገርኩም። መጀመሪያ በጎን በኩል ሞከርኩ።

«ምናልባት… ኩሬው ጋ ቢታይስ?» አልኳት ፎቶውን እየሰጠሁ።

ካርታዋን አየች። «በዚህ ጊዜ ውስጥ እዚያ ሊደርሱ አይችሉም። ይህን እንጨርስና እናያለን።»

ልክ ናት። እኔ በሰጠኋት ሰዓት ከሄድን ልክ ናት። ውጭው መደብዘዝ ጀምሯል። ጁዲ ከጓሮ ተመልሳ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። የልጄ ፊት መጣብኝ። ደግሞ ኮፍያው መጣብኝ፤ ውሃው ላይ ብቻውን።

«አምስት ደቂቃ አይደለም» አልኩ።

ፖሊሷ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ተኝቼ ነበር። አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ተኝቻለሁ። መቼ እንደወጡ አላውቅም። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ኩሬው ውስጥ ሊገቡ ነው፤ እባካችሁ ኩሬው ጋ ሂዱ!»

ጁዲ አልጮኸችም። አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፖሊሷም አልተቆጣችኝም። ሬዲዮዋን አንሥታ እየተናገረች ወደ መኪናው ሮጠች።

«እሷ አትመጣም» አለች ጁዲ።

«መንገዳቸውን የምታውቀው እሷ ናት» አለች ፖሊሷ። «ግቢ።»

መኪናው ውስጥ ጁዲ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እጇን ትነክሳለች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ያላለቀ መንገድ ነው።

ሜዳው ላይ ጭጋግ ወርዷል። አንዲት ውሻ የያዘች ሴት ዳር ላይ ቆማ ስልክ እየደወለች ወደ ውሃው ትጠቁማለች። «አሁን ነው የገቡት!» አለችን። መጀመሪያ ያየሁት ኮፍያውን ነው። እግሬ ቆመ። ኮፍያው ብቻውን መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስንል ከኮፍያው ሥር ሰው አለ። ውሃው ደረታቸው ላይ ደርሷል። ሁለት እጃቸውን ከፍ አድርገው የረጠበ ጋዜጣ ዘርግተዋል።

«ዳድ!» ብላ ጁዲ ጮኸች። «ዳድ፣ ውጣ!»

ጩኸቱ አስደነገጣቸው መሰለኝ አንድ እርምጃ ወደ መሃል ሄዱ። ውሃው ትከሻቸው ላይ ወጣ። ወጣቱ ፖሊስ ጃኬቱን አውልቆ ገባ፤ ጭቃው ግን እግሩን ያዘው፤ ሁለት እርምጃ እንደሄደ እስከ ጉልበቱ ተተከለ።

«መሃሉ ጥልቅ ነው!» አለች ውሻ የያዘችው ሴት። «ሁለት ሜትር ይሆናል!»

ጁዲ እንደገና ስትጮህ እሳቸው አሁንም ወደ መሃል ተጠጉ። ይህን ስታይ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እኔ ዋና አላውቅም። ቋንቋቸውንም አላውቅም። ያለኝ የሙት ሴት ድምፅ ብቻ ነበር። አየር ስቤ ኢሎና እንደምትለው፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጌ ጮህኩ።

«ኤሌግ፣ ቤላ! ጄሬ ኪ!»

ቆሙ።

«ኤሌግ፣ ቤላ! ጄሬ ኪ!»

ቀስ ብለው ዞሩ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው ዳር ዳሩን ካሜራውን ይፈልጋል።

«ዮ ቮልት?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ነው።

መልሱን ካልሰሙ ተመልሰው እንደሚገቡ ከእኔ በቀር እዚያ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ዮ ቮልት!» አልኩ እያለቀስኩ። «ዮ ቮልት፣ ቤላ! ዮ ቮልት!»

ደስ አላቸው። ጋዜጣውን በጥንቃቄ ለማጠፍ ሞከሩ፤ እጃቸው ላይ ተበጣጠሰ። ከዚያ ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ሦስተኛው ላይ አዳለጣቸውና ጠለቁ። ወጣቱ ፖሊስ እግሩን ከጭቃው መንጭቆ ዘለለና ኮታቸውን ከአንገቱ ላይ ያዘ። ጎትቶ ሲያወጣቸው እኛም እስከ ወገባችን ገብተን ነበር፤ እኔና ጁዲ፣ አንድ ክንድ አንድ ክንድ ይዘን። መቼ እንደገባሁ አላስታውስም።

አምቡላንስ መጥቶ በብርድ ልብስ ሲጠቀልሏቸው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ኮፍያው በደንብ ታየ?»

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እኔና ጁዲ ከነእርጥብ ልብሳችን ተቀመጥን።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አለች በመጨረሻ።

«እናትሽ የምትለውን።»

«ከየት አወቅሽው?»

«ከቪዲዮው። በየቀኑ እናያለን።»

ራሷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም» አለች። «መስማት አልቻልኩም ነበር። አሁን ጨለማ ውስጥ ከኋላዬ ስሰማው…» እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ሆኖም ሪፖርት አደርግሻለሁ። ይህን እወቂ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

አደረገችም። የሥራ ስልኬ ላይ የጻፍኩትን ሳልልከው አጥፍቼው ነበር፤ ስለ እሱ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ለኤጀንሲው ተናገርኩ። አንድ ወር ከሥራ ታገድኩ። ያን ወር እንዴት እንዳሳለፍኩት እንቅልፌ ይመስክር። ጁዲ የጻፈችው ደብዳቤ ስብሰባው ላይ ተነበበ። ተኝታለች፣ ዋሽታለች፣ ውሸቷ አባቴን ሊገድለው ነበር ይላል። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይደርስባት እውነቱን የተናገረችው እሷው ናት፣ ባትናገር አባቴ ዛሬ አይኖርም ይላል። ሁለቱንም ነው የጻፈችው። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወደ ሌላ ቤት ተመደብኩ። ቪዛዬ ተረፈ። ሚስተር ቤላ ቤት ግን እንዳልመለስ ተከለከልኩ።

እሳቸው ሳንባቸው ታሞ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙና ወጡ። ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። ሲያርፉ ጁዲ ደወለችልኝ፤ ቀብሩ ላይ ኋላ ቆሜ ነበር። ስትሸኘኝ ማታ ማታ ከአባቷ ጋር ቪዲዮዎቹን ታይ እንደነበር ነገረችኝ። ጓደኛሞች አልሆንንም። እንደዚያ ቢሆን ታሪኩ ያምር ነበር፤ ግን አልሆንንም።

እትዬ ሙሉ እስከ ዛሬ «ዕድለኛ ነሽ፣ በጁዲ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አልቆልሽ ነበር» ትለኛለች። አልከራከራትም። ክፉ ሰው ሆና አይደለም የመከረችኝ፤ ይህ አገር እሷን ያስተማራትን ነው የነገረችኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ደፋር ሆንኩ አልላችሁም። የለወጠኝ ሌላ ነው። ውሸት ትልቅ ነገር ሆኖ፣ አስበውበት፣ በክፋት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን በፍርሃት ከአፌ ሾልካ የወጣች አንዲት ቃል ናት። ከእኔ አፍ ስትወጣ ፖሊሷ ካርታ ላይ ገብታ ክብ ሆነች፣ ጁዲን በየጓሮው አሯሯጠች፣ አንድ ሽማግሌ ብርድ ውሃ ውስጥ እንዲቆም አደረገች። እዚያ ድረስ ትሄዳለች ብዬ አላሰብኩም። አሁን ስሳሳት፣ እሳሳታለሁም፣ ከማልቀሴ በፊት እናገራለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል። አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ ልደብቅ አልችልም። ያን ቀን ቁም ሳጥኑን ስከፍት ሙሉ ልብሱ ተሰቅሎ ባገኘው ኖሮ፣ ያቺን አንድ ሰዓት እናገር ነበር? ወይስ የመመዝገቢያውን «ላክ» ነክቼ ከሌሎቹ ጋር ጓሮ ለጓሮ እየዞርኩ እጣራ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አላውቅም።